ደም ማቅጠኛ

ከዋናው ፖስታ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ሲወጣ የቸርችልን ዳገት ሰው የሚያውቀው በትንፋሹ ነው። አንድ አባት ግን በባታቸው ያውቁታል። ጥቂት ይሄዱና የስጦታ ዕቃ ሱቆቹ መስኮት ፊት ይቆማሉ። ዕቃ የሚመርጡ ይመስሉኝ ነበር። አንድ ጠዋት ጠጋ ብዬ "አባባ፣ ደከመዎት እንዴ?" ስላቸው "ድካምስ አይደለም ልጄ፤ ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል፣ ቆም ስል ይተወኛል" አሉኝ። ስኳር አለባቸው። ለሐኪም ነግረው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ለእርጅና ምን መድኃኒት አለው ብዬ!"

እርጅና አይደለም። ሲራመዱ የሚይዝ፣ ሲቆሙ የሚለቅ የባት ሕመም የእግር ደም ሥር ለመጥበቡ ዋነኛ ምልክት ነው። የእግሩ ደም ሥር የጠበበበት ሰው ደግሞ ለልቡም ለአንጎሉም ያሰጋል።

*

በሽታውን "ስኳር" ብለን ስለጠራነው ወሬያችን ሁሉ ቁጥር ሆነ። "ዛሬ ስንት ሆነ?" "180።" "ትናንትስ?" ጣት ተወግቶ የምትወጣው ጠብታ ግን ከስኳር ሌላ ብዙ ነገር ይዛለች። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበትን ሰው ከሁሉ በላይ የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ስለዚህ ጠብታዋን ከስኳሯ ባሻገር ማየት ይገባናል።

*

በጠብታዋ ውስጥ ፕላትሌት የምትባል ትንሽ የደም ሕዋስ አለች፤ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ትገኛለች። ኒውክሊየስ የላትም፤ ዕድሜዋ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ደም ሥር ሲቀደድ ከእህቶቿ ጋር ተጣብቃ ቀዳዳውን ትደፍናለች። ይህን እንድታደርግ ከውስጥ የሚያዛት ካልሲየም ነው።

ካልሲየም ሲባል ወተትና አጥንት ትዝ ይለናል። እዚህ ግን ሥራው መልእክተኛነት ነው። በፕላትሌቷ ዙሪያ ያለው ካልሲየም ውስጧ ካለው 10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ፓምፖቿ ከውስጥ እየቀዱ ገሚሱን ወደ ውጭ፣ ገሚሱን ወደ ጓዳዋ ይመልሳሉ። የቁስል ምልክት ሲደርሳት ጓዳው ይከፈታል፣ የውጩም በር ይበረገዳል። ዝርግ የነበረችው ትንሽ ነገር ትድቦለቦላለች፣ እግር ታወጣለች፣ በጉያዋ የያዘችውን ኬሚካል ረጭታ ሌሎቹን ትጠራለች።

ስኳር ባለበት ሰው ደም ውስጥ ይህ ሥርዓት ይላላል። ካልሲየሙን የሚመልሱት ፓምፖች ይደክማሉ፤ ስኳሩ ራሱ የፕላትሌቷ ሽፋን ፕሮቲኖች ላይ ይለጠፋል። ኢንሱሊን ከወትሮ ሥራው አንዱ ፕላትሌትን ማረጋጋት ነበር፤ አሁን ትእዛዙ አይሰማም። ከደም ሥሩ ግድግዳ የሚመጣው "ተረጋጊ" የሚል ኬሚካልም ያንሳል። እንግዲህ ቁስል ሳይኖር እንኳ ጥይት ጎርሶ እንደቆመ ጠመንጃ ናት፤ ቃታው በትንሽ ነገር ይሳባል።

*

የደም ምርመራ ውጤት የያዙ ሰዎች ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወጥተው ወደ ቸርችል ሲሄዱ አያለሁ። ሲቢሲ የሚባለው ወረቀት ላይ ኤምፒቪ የሚል መስመር አለ፤ የፕላትሌቶች አማካይ መጠን ማለት ነው። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ይህ ቁጥር በአማካይ ከፍ ብሎ ይገኛል። መቅኒው እያጣደፈ አዳዲስ ስለሚልክ ነው፤ አዳዲሶቹ ደግሞ ተለቅ ያሉና ቁጡ ናቸው። በዚህ ቁጥር ብቻ ማንም አይታከምም። ቢሆንም ታሪኩ እዚያች መስመር ላይ ተጽፏል።

*

መድኃኒት ቤት ውስጥ የሰማሁት፦ "ደም ማቅጠኛ ስጪኝ፣ ጎረቤቴ የምትውጠውን።" አስፕሪን ማለቷ ነው።

ስሙ ያሳስታል። አስፕሪን ደምን አያቀጥንም። በፕላትሌቷ ውስጥ አንድ ኢንዛይም ላይ ተለጥፎ ሥራውን ያስቆማል፤ ኒውክሊየስ የሌላት ፕላትሌት ሌላ መሥራት ስለማትችል እስክትሞት እንደዚያው ትኖራለች። በቀን አንድ ፍሬ የሚበቃውም ለዚህ ነው። ስኳር ባለበት ሰው ግን መቅኒው ያጣድፋል ብያለሁ፤ ማታ ላይ አስፕሪን ያልነካቸው አዳዲሶች በዝተዋል።

ጎረቤት ስለዋጠች ብቻ የሚዋጥ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ የብሪታንያ ጥናት የልብና የደም ሥር በሽታ ያልነበረባቸው 15,480 የስኳር ሕሙማንን ተከታተለ። ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ አስፕሪን ካልወሰዱት 9.6 በመቶውን፣ ከወሰዱት 8.5 በመቶውን ገጠመ። ከባድ መድማት ደግሞ ከ3.2 ወደ 4.1 በመቶ ከፍ አለ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ለደረሰበት ሰው ጥቅሙ ያመዝናል፤ ለሌላው የጨጓራውን ታሪክ የሚያውቅ ሐኪም ይወስን።

*

እኒያን አባት ትናንት እዚያው መስኮት ፊት አገኘኋቸው። የቀጠሮ ካርዳቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው "እዚህ ጻፍልኝ፤ ሐኪሙ ፊት ስቀርብ ስኳሬን ብቻ ተናግሬ እወጣለሁ" አሉኝ። በጀርባው ጻፍኩ፦ "ዳገት ስወጣ ባቴን ይይዘኛል፣ ስቆም ይለቀኛል።" ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት፣ ድምፅ አውጥተው አነበቡትና መልሰው ከተቱት።