የማሊያው ብር… ደጋን ላይ!

መቼም ዛሬ ላንጋኖ ወይም ሶደሬ ይወስደናል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የዛሬው መንገዳችን ወደ ወሎ፣ ወደ ደጋን ነው። «ደጋን ደግሞ የት ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ከደሴ ተነስታችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ትወርዳላችሁ። ብርዱ ደሴ ይቀራል፤ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬት ይወልቃል። ከዚያ የባቲን መንገድ በሚኒባስ ትይዛላችሁ። ገርባ ሳትደርሱ መንገድ ዳር የምታገኟት ከተማ… እሷ ናት ደጋን። ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚያልፈው ሁሉ በመስኮት ያያታል፤ የሚወርድባት ግን ጥቂት ነው።

እኔ ወረድኩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደግኩት እዚያ ነው። ዘመድ ጠየቅኩ፣ ቡናዬን እስከ በረካው ጠጣሁ፤ ሲመሽ እግሬ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ወሰደኝ። አግዳሚው ሞልቷል። ጨዋታው ሳይጀመር ክርክሩ ጦፏል። ሰማያዊ የማንቸስተር ሲቲ ማሊያ የለበሰ አንድ ጎረምሳ መሀል ገብቶ ከግራም ከቀኝም «115! 115!» ይሉታል። እሱም «ቅናት ነው! መጀመሪያ እንደኛ ዋንጫ ብሉ!» ይላል።

ነገሩን ለማታውቁ… የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ሲቲን የፋይናንስ ደንብ ጥሰሃል ብሎ ከመቶ በላይ ክስ አቀረበበት። በደጋፊው አፍ «115» ተባለ። ክለቡ ጥፋት የለብኝም ብሎ አስተባብሏል። ልጁ ግን ክሱ ምን እንደሚል አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። እኔም እየሳቅኩ ልቀመጥ ስል የቤቱ ባለቤት ቀና ብሎ አየኝ። ልቤ ድው አለ!

አወቅኩት። እሱም አወቀኝ። እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በ1998 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ልጆች ሆነን የሰፈር ቡድን ነበረን። አምበሉም ጎል አግቢውም እኔ ነበርኩ። ለማሊያ መግዣ እያንዳንዳችን ሸንኮራ ሸጠን፣ ዕቃ ተሸክመን 20 ብር አዋጣን። 240 ብር! ገንዘብ ያዡ ይሄው ሰውዬ፣ ያኔ ዝምተኛ ልጅ ነበር። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ አንድ ታኬታ ጫማ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። «በሳምንት እመልሳለሁ» ብዬ 60 ብር ተበደርኩት። ሳምንቱ አለፈ፤ ማሊያ የሚገዛበት ቀን ደረሰ፤ ብሩ ጎደለ። ልጁ «ለአምበሉ አበድሬዋለሁ» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ።

በቃ። ማን ይታመናል? ጎል አግቢው ነዋ! «ሌባ» ብለን አባረርነው። ከዚያ ወዲህ ኳስ ሲጫወት አላየሁትም።

እና አሁን ፊቴ ቆሟል። «አብሽር፣ ግባ እንጂ! ቤተሰብ ደህና?» ብሎ ሻይ አመጣልኝ። ሻዩ አልወርድ አለኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ክርክሩ እንደገና ተነሳ። እኔም ዝም ላለማለት ስለ ኤቨርተን አወራሁ። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ኤቨርተን 10 ነጥብ ተቀነሰበት። በሦስት ዓመት የተፈቀደው ኪሳራ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ ሳለ የእሱ 124.5 ሚሊዮን ስለደረሰ ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ማንቸስተር ዩናይትድን በሜዳው ሲያስተናግድ ደጋፊው ሊጉን «ሙሰኛ» የሚል ሮዝ ወረቀት ከፍ አድርጎ ያዘ። ጋርናቾ በመቀስ ምት ያገባት ቀን ናት፤ አዲስ አበባ ሆኜ አይቻለሁ። «ጥፋተኛ ክለብ ይዘው ደግሞ ይጮሃሉ!» ብለን ስቀንባቸው ነበር።

ባለቤቱ ብርጭቆ እያጠበ ነበር። «አንድ ነገር ረስተሃል» አለኝ። «እነዚያ ደጋፊዎች ቅጣቱ ሳይመጣ፣ በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ ከጨዋታ በኋላ ከመቀመጫችን አንነሳም ብለው የገዛ ቦርዳቸውን ‹ውረዱ› ብለዋል። አስቀድመው የራሳቸውን ቤት ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ሌላው ላይ ቢጮሁ ያምርባቸዋል።» እውነቱን ነው። ቅጣቱም በይግባኝ ወደ 6 ወረደ፤ በሚያዝያ 2024 ለሌላ ጥሰት 2 ተጨመረ፤ ክለቡ ግን ከሊጉ አልወረደም።

እኛስ? በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ወዲያው «በጓሮ በር ይከፈላል» የሚለው ወሬ ቡና ቤቱን ሞላው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በትኬት ሳይሆን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ ማለትም በእናንተው ገንዘብ! ታዲያ ስታዲየም ገብተን አሠልጣኝ ይባረር ብለን የምንጮኸውን ያህል «ሒሳቡን አሳዩን» ያልነው ስንት ቀን ነው?

ለካስ ደጋን ላይ ይታያል። ባለቤቱ አሁን የሰፈሩ ታዳጊዎች ቡድን ገንዘብ ያዥ ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ። የውሃ 40 ብር ሳትቀር ተጽፋለች። «እንዲህ ከሆነ ማንም ማንንም አይጠረጥርም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ያ ነው የገደለኝ!

ጉሮሮዬ ደረቀ። ልጆቹ ፊት ተናገርኩት፤ የ60 ብሩንም፣ የካድኩትንም። ቤቱ ጸጥ አለ። ባለ ሰማያዊው ማሊያ ነው ዝምታውን የሰበረው፦

«ታኬታውን እግርህ ላይ አላዩብህም እንዴ?»

«አዩብኝ።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው አላሉህም?»

«ጎል አገባ ነበራ!»

ማንም አልሳቀም። ከኪሴ አንድ ሺህ ብር አውጥቼ ዘረጋሁ። ሰውየው እጁን በፎጣ አደራርቆ «የወሰድከው 60 ብር ነው» አለ። «ወለድ ሐራም ነው፤ እዚህ ቤት አይገባም። በተረፈው ለልጆቹ ኳስ ግዛላቸው። ደረሰኙን ደግሞ አምጣ።» ከዚያ እስክሪብቶ አንስቶ ገቢ በሚለው ሥር «የቆየ ዕዳ፣ 60 ብር» ብሎ ጻፈ። ስሜን አልጻፈም።

ይቅር አለህ ወይ ብትሉኝ… አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ክለባችሁን ውደዱ፤ ማሊያውንም ልበሱ። ነገር ግን «ገንዘብ ጎደለ» የሚል ሰው ሲመጣ ቶሎ «ቅናት ነው» አትበሉ። ጎል አግቢው ስላስጨፈራችሁ ብቻ ሒሳብ ያዡን ሌባ አታድርጉት። መጀመሪያ እግር እግሩን እዩ፤ ታኬታው ከየት መጣ በሉ።

ኳሱን በማግስቱ ኮምቦልቻ ገዛሁ። ደረሰኙም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ወደ ባቲ ስታልፉ ደጋን ላይ ወረድ በሉና አንብቡት።