በያፎ ጎዳና፦ ከመብራቱ በስተጀርባ ያሉ ሰዎች

በዚህ እትም ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ያፎ ጎዳና እንወስዳችኋለን። አብረውን የተጓዙት በ"ጹር እስራኤል" ዘመቻ፣ ይኸውም ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 ባለው ጊዜ፣ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የገቡ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው።

ከመካከላቸው አንዲት እናት አሉ። ከቤታቸው እስከ ኩፓት ሖሊም ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም፣ በመካከሉ ሰፊ መሻገሪያ ስላለ ልጅ ካልያዛቸው አይወጡም። አንድ ቀን መሐል መንገድ ሲደርሱ ቀይ በራባቸው። ደንግጠው ወደ ኋላ ሲመለሱ መኪና ለጥቂት ሳታቸው። "በጎንደር ትራፊኩ በእጁ ነው የሚያቆመው። ሽማግሌ ሲያይ ይታገሣል። እዚህ ግን የሚያየኝ ሰው የለም" አሉን። ይህ አነጋገራቸው ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ዋለ።

ጉዟችንን የጀመርነው ከታሐና መርካዚት ነው። ከዚያ ሲወጡ ረጅሙ ነጭ ምሰሶና ገመዶቹ ይታያሉ። ይህ በ2008 የተመረቀው፣ ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው ድልድይ ሲሆን ራኬቬት ካላ፣ ማለትም ቀላሉ ባቡር፣ በላዩ ያልፋል። ባቡሩ ሰው ማመላለስ የጀመረው በነሐሴ ወር 2011 ነው። ከዚያ ወዲህ የግል መኪና በያፎ ጎዳና መሐል አያልፍም። በመሐኔ ይሁዳ ገበያ በኩል እስከ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ድረስ በእግር ሄድን። ነጋዴው ይጣራል፤ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ ባቡሩም ደወሉን እያሰማ በመካከላቸው ያልፋል።

ስለዚህ ባቡር አንድ ነገር ልንነግራችሁ እንወዳለን። መጀመሪያ ሥራ በጀመረባቸው ወራት ባቡሩ በየመስቀለኛው መንገድ እየቆመ ይጠብቅ ነበር። ሐዲዱ ተዘርግቷል፤ መብራቱም ተተክሏል፤ ነገር ግን መብራቶቹ ለባቡሩ ቅድሚያ እንዲሰጡ ገና በሚገባ አልተስተካከሉም ነበር። ጊዜው እየተለካና እየታረመ ሲሄድ ጉዞው አጠረ። ዕቃው ከተገዛ በኋላ ዋናው ሥራ የሰው መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ከጎዳናው ወጣ ብሎ ባለ መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ ወጣት ግራጫ የብረት ሣጥን ከፍቶ ሲሠራ አገኘነው። ወላጆቹ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ናቸው። በአማርኛ ሰላም ስንለው ሳቀ፤ አማርኛው ግን የተሰባበረ ነበር። ሣጥኑ የመብራቱ አእምሮ መሆኑን ገለጸልን። በአስፋልቱ ውስጥ የተቀበረ የሽቦ ጥቅል መኪና በላዩ ሲቆም ያውቃል። በአንዳንድ ቦታ ካሜራ ይህንኑ ይሠራል። ሣጥኑ ይህን ተቀብሎ አረንጓዴውን ያረዝማል ወይም ያሳጥራል። በስህተት ሁለት ተቃራኒ መንገዶች አረንጓዴ እንዳያገኙ የሚጠብቅ መሣሪያም በውስጡ አለ፤ ብልሽት ሲያገኝ መብራቱን ወደ ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ ይለውጠዋል።

በአንድ ትልቅ ከተማ ይህን ሥራ የሚይዙት ብዙ ናቸው። የትራፊክ መሐንዲሱ መኪናና እግረኛ ይቆጥራል፤ ለጠዋት፣ ለቀትር፣ ለሌሊት የተለያየ የጊዜ ዕቅድ ያወጣል። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለው ተረኛ ስክሪኖቹን ይመለከታል፤ አደጋ ሲደርስ ፖሊስ ይጠራል፤ ዕቅዱንም ይለውጣል። ቴክኒሺያኑ በዝናብም በሐሩርም ሣጥኑን ይጠግናል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ውድ ዕቃ ያለው ከተማም ይጨናነቃል። ሰፈሩ ይሰፋል፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ዕቅዱ ግን በአሮጌው ቁጥር ላይ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ እናታችን ጥያቄያቸውን አቀረቡ፦ "ልጄ፣ መሐል ስደርስ ለምን ይቀላብኛል?"

ወጣቱም እንዲህ ሲል መለሰላቸው፦ "እማዬ፣ ቀዩ የሚናገረው ገና ላልጀመረው ሰው ነው። ለእርስዎ ተጨማሪ ሴኮንዶች ተቆጥረዋል። ወደ ኋላ አይመለሱ፤ ቀጥ ብለው ይጨርሱ።" ሆኖም አንድ ነገር አልደበቃቸውም። መሐንዲሶች በብዙ አገር የእግረኛን ፍጥነት በሴኮንድ 1.2 ሜትር ገደማ አድርገው ያሰላሉ። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ይህን ያህል አይፈጥንም። ስለዚህ ሽማግሌዎች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር ጊዜው እንዲረዝም ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከት ይገባል። "ካልነገራችሁን እንዴት እናውቃለን?" አለ።

ውድ አንባብያን፣ ከጉዟችን ያገኘነውን ምክር እነሆ። በቀይ አትጀምሩ፤ መኪና ባይታይም እንኳ ቁሙ። ቁልፍ ባለበት መሻገሪያ ቁልፉን ተጫኑ። ባቡሩ ብረት በብረት ላይ የሚሄድ ስለሆነ በቶሎ ሊቆም አይችልም፤ ደወሉን ስትሰሙ ከሐዲዱ ራቁ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ። መብራት ከተበላሸ ወይም ጊዜው ካነሰ በብዙ ከተሞች ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በ106 ይደወላል። ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁ ልጃችሁ ይደውል፤ የመንገዱንና የመስቀለኛውን ስም ግን ጽፋችሁ ያዙ።

ለወጣቶችም መልእክት አለን። ይህ ሙያ ለእናንተም ክፍት ነው። አንዱ በኤሌክትሪክ ሙያ፣ ሌላው በሃንደሳይ ትምህርት፣ ሌላውም በሐይፋ ቴክኒዮን በመሳሰለ ቦታ የሲቪል ምሕንድስና ተምሮ ይገባበታል። በየዓመቱ ለስግድ በዓል ከየከተማው በአውቶቡስ ወደ አርሞን ሃናጺቭ ስንወጣ መንገዱን ከሚያዘጋጁት መካከል የእኛ ልጆች ቢበዙ ደስታችን ነው።

ወደ ማታ ስንመለስ በታሐና መርካዚት ፊት ለፊት መንገድ መሻገር ነበረብን። አረንጓዴ በራ፤ ጀመርን። እናታችን መሐል ሲደርሱ ቀላ። እጃቸውን ልንይዝ ስንል "ተዉኝ፣ ተቆጥሮልኛል" አሉና ምርኩዛቸውን እየተከሉ፣ ሳይቸኩሉ ተሻገሩ። መኪኖቹም ቆመው ጠበቋቸው።