ተፍኪ ስትይዝ

ነገሩ የጀመረው አየር ጤና ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ገና ሳይንቀሳቀስ ነው። «ይሄ ወንበር ተይዟል?» አልኩ። «አልተያዘም፣ ግባ» አለኝ ረዳቱ። ከኋላዬ የገባች ሴት ቦርሳዋን እስክታስተካክል «ይቅርታ፣ ልጁን ያዝልኝማ» ብላ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ዝርዝር ያዙ!» አለ ረዳቱ። ጥቂት እንደሄድን ትራፊክ ፖሊስ ሾፌሩን «ዳር ያዝ!» ብሎ አቆመው። ዓለም ገና እንኳ አልደረስንም፣ አንዲት ግስ አራት ጊዜ ሠርታ አራቴም ሌላ ነበረች።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚያስደንቀኝ የእንግሊዝኛ መምህር ስለሆንኩ ነው። ማታ የተማሪዎች ፈተና ሳርም አንዷ «ጉንፋን ያዘኝ» ለማለት ብላ «ኮልድ ካች ሚ» ጽፋ ነበር። በቀይ አሰመርኩበት። እንግሊዝኛው «ካች» የሚለውን ግስ ለሰውየው ነው የሚሰጠው፤ እንግሊዙ ጉንፋንን እንደ ዶሮ አሯሩጦ ይይዘዋል። እኛን ግን ጉንፋኑ ነው የሚይዘን። ፍቅርም እንደዚያው፣ እንቅልፍም፣ ዛርም። ልጅቷ ምን አጠፋች?

እንግሊዞች ብዙ ትርጉም በተሸከሙ ግሶቻቸው ይኮራሉ። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 እትሙ «ሴት» ለምትል አንዲት ግስ (ሴትዮዋ አይደለችም) 430 ትርጉም ቆጥሮላት ነበር። ኋላ ደግሞ «ረን» 645 ይዛ በለጠቻት። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እኔም አብሬ እደነቃለሁ። የገዛ ቋንቋዬን ግን ቆጥሬው አላውቅም።

ወደ ተፍኪ የወሰደኝ የሽምብራ እሸት ነው። ታኅሣሥ ነው፣ ጾም ከተያዘ ሰንብቷል፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከመርካቶ የምትገዛው እሸት ያደረ ነው፣ ሄደህ ከማሳው ዳር ብላው» ብሎኝ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰበታን በፋብሪካዎቿና በከባድ መኪናዎቿ መሐል ተጋፍተን አለፍናት። ከዚያ በኋላ አገሩ በድንገት ተዘረጋ። እኔ ጨርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዓይኔን ብወረውር ቆርቆሮ አጥር ነው የሚመልሰኝ። እዚህ ግን የሚመልሰኝ ጠፋ! የታጨደ ጤፍ፣ የጤፍ ክምር፣ ከክምሩ ባሻገር ሌላ ክምር፣ ከዚያም ባሻገር አረንጓዴ ሽምብራ፣ ከሽምብራው ባሻገር የሚያብለጨልጭ ውኃ፣ ውኃው ዳር በረጃጅም እግራቸው የቆሙ ግራጫ ወፎች። «ወራጅ አለ!» ብዬ ከከተማዋ መግቢያ ቀደም ብዬ ወረድኩ። መታገሥ አልቻልኩም።

ወፎቹን ቀረብ ብዬ ለማየት ከአስፋልቱ ወጣሁ። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ደርቆ መዳፍ በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል። በልበ ሙሉነት እየረገጥኩ ሄድኩ። ወደ ውኃው ስጠጋ ስንጥቁ ጠበበ፣ ጠፋ፣ ቀጥሎ እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ። በአንድ እግሬ ቆሜ ስጎትት ከማሳው ማዶ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ጮኹብኝ።

«ተው፣ አትጎትተው! ዋልካ ሲጎትቱት ይብስበታል። መጀመሪያ አወዛውዘው!»

አወዛወዝኩት። እንደ ተነቀለ ጥርስ ጧ ብሎ ወጣ። ሽማግሌው እየሳቁ ቀረቡኝ። አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፣ እሳቸው በኦሮምኛ፤ ግን በእኔው ቋንቋ አስተናገዱኝ።

«ዋልካ ይይዛል፣ ልጄ» አሉኝ። «ሐምሌና ነሐሴ ብትመጣ ይሄ ሁሉ ሐይቅ ነው። አዋሽ ከአፉ ይወጣል። ሲሸሽልን ሽምብራውንና ጓያውን እንዘራለን። ዘሩ አንዴ ከያዘ በኋላ ዝናብ አንለምንም። ውኃውን መሬቱ ይዞታል።»

ያ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀረው አዋሽ እዚህ ገና ልጅ ነው፤ ገና በልጅነቱ ግን ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል። የክረምቱን ውኃ በሆዱ ይዞ በደረቅ ወር የሚያጠጣ መሬት! ጎንበስ ብዬ ከስንጥቁ ውስጥ ጣቴን ከተትኩ። ላዩ ትኩስ፣ ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ። «ይዞታል» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። እኛ አዲስ አበባ «ይዞታ» ስንል ካርታ ነው፣ ማኅተም ነው፣ ሰልፍ ነው።

ጫማዬን በሣር ጠርጌ ከተማዋ ገባሁ። ጋሪዎች፣ የቡና ጭስ፣ መንገድ ዳር የተደረደረ እሸት። እሸቱን ግን ከምሳ በኋላ ብዬ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ፤ ባለቤቲቱ ከጓዳ ከምጣዱ ጋር ትጣላለች። አክንባሎውን ስታነሳው የእንጀራው ጠርዝ አልነሣ አለ። ሰፌዱን ብታስገባ ተቀደደ።

«ያዘብኝ!» አለች። «አዲስ ምጣድ ነው፣ በደንብ አልተሟሸም።» የተወቀጠ ጎመን ዘር ጣል አድርጋ በጨርቅ ዙሪያውን አሰሰችው። ቀጣዩ እንጀራ እንደ ወረቀት ተነሣ። ያ የተቀደደው ከሽሮ ጋር ለእኔ ደረሰ፤ እንደዚያ የጣመኝ እንጀራ የለም ብል አልዋሸሁም።

የ«ያዘ»ን ቆጠራ ትቼው ነበር፣ እሱ ግን አልተወኝም። እሸት ሻጮቹ ጋ ስደርስ ደግሞ የእጅ ግሶች ዝናብ ወረደብኝ። አንዱ ጎረምሳ እሸቱን ታቅፎ ይመጣል፣ ሌላው እስሩን አንግቶ ይሄዳል፤ ትንሿ ልጅ የረገፈውን ታፍሳለች። «ዝገን፣ ቅመስ!» አለኝ አንዱ። በሁለት ጣቴ ቆንጠር ሳደርግ ሳቀብኝ። «መዝገን እንዲህ ነው» ብሎ ጭብጥ ሙሉ አፌ ድረስ አመጣልኝ። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። እሸቱ ሲከፈት አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ጨው ጨው የሚል ልጣጭ፣ ከንፈር ላይ የሚቀር ኮምጣጣ ነገር። ባልደረባዬ እውነቱን ነው።

የገዛሁት ግን ከአንዲት አሮጊት ነው። ሦስት እስር ወሰድኩና ከፈልኩ። አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩኝና «ኢጆሌ ቀብዳ?» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጠ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ አስተርጓሚ ሆነ።

«ልጆች ይዘሃል ወይ ነው የምትልህ።»

ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። «አይ፣ ብቻዬን ነው የመጣሁት» አልኩ። ልጁ አስተላለፈ። አሮጊቷ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ዋቅኒ ሲፍ ሃ ኬኑ» አሉ።

«እግዜር ይስጥህ አለችህ» አለኝ ልጁ።

ስለ ከፈልኩት ብር ያመሰገኑኝ መስሎኝ «አሜን፣ ምንም አይደል» ብዬ መንገድ ጀመርኩ። አሥር እርምጃ ሳልሄድ ከንፈር መምጠጡ ከነከነኝ። ለምስጋና ከንፈር ይመጠጣል እንዴ? ተመለስኩ።

«ስማ ማሙሽ፣ ‹ብር አለህ?› በኦሮምኛ እንዴት ነው?»

«ቀርሺ ቀብዳ?»

«‹ያዝ!›ስ?»

«ቀቢ!» አለ፣ እንዲህ ያለ ሞኝ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ሁሉ። «ያው ነው።»

ያው ነው! በአማርኛ ልጅም ብርም «አለኝ» ነው፣ ዝም ብሎ በአጠገቤ ይኖርልኛል። በኦሮምኛ ግን ያለኝን ሁሉ ይዤዋለሁ። የእንግሊዝኛው «ሃቭ» እንኳ ሥሩ ሲቆፈር «ጨበጠ» ነው ይላሉ የቋንቋ ሊቃውንት፤ ዓመታት ሳስተምረው የማይገናኙ የመሰሉኝ «ሃቭ» እና «ሆልድ» ተፍኪ ላይ፣ በአንድ ልጅ አፍ፣ አንድ ሆኑ። አሮጊቷ የጠየቁኝ ልጅ ይዤ መምጣቴን ሳይሆን መውለዴን ነው። «ብቻዬን ነኝ» ስላቸው ልጅ ይስጥህ ብለው መርቀውኛል። እኔም አሜን ብያለሁ!

ልጁን ይቅርታ ስጠይቀው «ራኮ ሂን ቀቡ» አለኝ፤ ችግር የለውም ማለቱ ነው፣ ችግር እንኳ በዚህ ቋንቋ ይያዛል። «ሁለት ልጅ አለኝ በልና አስተምረኝ» አልኩት። ነገረኝ። ለእኔ ጆሮ ለማ የሚባል ሰውዬ ግድግዳ የቀባ ነው የሚመስለው። አሮጊቷ ፊት ቆሜ ሁለት ጣቴን አነሣሁ።

«ለማ ቀባ!»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ብር ሳወጣ እጄን መለሱት። ከክምራቸው ሁለት እስር አንሥተው በየተራ ክንዴ ላይ አስቀመጡልኝ፣ አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው።

«ቀቢ» አሉኝ።