ፓውዛውን ከነፊውዙ

በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ለፋሲካ ከአገር ቤት ወደዚህ የሚመጡ ተሳላሚዎች ሲመለሱ፣ ሻንጣቸው ላይ ዕቃ ጨምሩልን የምንል ብዙ ነን። እኔም ለታናሽ ወንድሜ ጥንድ ፓውዛ ልልክ ስል፣ «ጋሼ፣ መብራቱን ብቻ ላክልኝ። ሽቦና ሪሌው ቦታ ይይዛል፤ እዚህ ቀጥታ ያስሩልኛል» አለኝ። እሱ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ላንድክሩዘር ይነዳል። ይህ ጽሑፍ ለእሱና እንደ እሱ ለሚያስቡ መልስ ነው።

የአገር ቤት የመኪና ኤሌክትሪሽያን እጅ አይታማም። የአዲስ አበባው መለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ገብቶም ዕቃው የለም ተብሎ የሚመለስ መኪና ጥቂት ነው። የማይጥመኝ ልማዱ ነው። ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሳል፣ ጋቢና ገብቶ ማብሪያው ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ፓውዛው ይሄዳል። በራ? በቃ፣ ሥራው አለቀ።

ግን እናስላው። ባለ 55 ዋት ሁለት አምፖሎች በ12 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ይህ ሁሉ በቀጭን ሽቦና በትንሽ ማብሪያ ሲያልፍ መብራቱ ይደክማል፣ ማብሪያውም ይግላል። የሚያስፈራው ግን ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ጋቢና የሚሻገርበት የቆርቆሮ ቀዳዳ ነው። ኮረኮንች መንገድ ሲያንቀጠቅጠው ልባሱ ይላጣል፣ መዳቡ ቆርቆሮውን ይነካል። ባትሪ በዚያች ቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር መልቀቅ ይችላል። ፊውዝ ከሌለ የሚያቆመው የለም፤ ሽቦው ራሱ ይቀላና ልባሱን ያቃጥላል። እሳቱ ከሾፌሩ እግር በላይ ነው የሚነሳው።

እዚህ ታልፒዮት ባሉት ጋራዦች፣ እኛም በዕብራይስጡ ሙሳክ በምንላቸው፣ ወደ ሙት ባሕር በረሃ ለሚወርዱ ጂፖች ፓውዛ ሲታሰር ያየሁት ሌላ ነው። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይቀመጣል። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ስለሆነ፣ ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለችው ቁራጭ ማጠር አለባት። ለእነዚያ 9 አምፔሮች 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃሉ። ከዚያ በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌ አለ፦ 30 ቁጥር ከፊውዙ፣ 87 ወደ መብራቱ፣ 85 ወደ ማሳ (ሻሲው)፣ 86 ደግሞ ከረጅሙ መብራት በማብሪያው በኩል። ጋቢና የሚገባው ሪሌውን የሚቀሰቅሰው ትንሽ ኃይል ብቻ ነው፤ በቀዳዳው ላይም ጎማ ይደረጋል። ረጅሙ ሲጠፋ ፓውዛውም አብሮ ይጠፋል። ይህ ከፊት ለሚመጣው ሾፌር ዓይን ሲባል ነው። በአገራችን የሌሊት መንገድ፣ ከብትና እግረኛ በሚሻገርበት፣ ለሦስት ሰከንድ የታወረ የሲኖ ሾፌር ምን ሊያደርስ እንደሚችል የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

ወንድሜ ሆይ፣ ለሚያስርልህ ባለሙያ ሁለት ነገር ንገረው። በብዙ ላንድክሩዘሮች የግንባር መብራቱ የሚበራውና የሚጠፋው በማሳው በኩል ነው። ስለዚህ 85ን ሻሲ ላይ ከማሰር ይልቅ ከረጅሙ መብራት ሽቦ፣ 86ን ከአምፖሉ ፖዘቲቭ ማገናኘት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሪሌው በትክክል አይሠራም። አንዳንድ የቆዩ ናፍጣ ላንድክሩዘሮች ደግሞ 24 ቮልት ናቸው፤ አምፖሉም ሪሌውም በዚያው ልክ መሆን አለበት።

በመንገድህ ባለው ጣርማ በር ላይ ግን ፓውዛ አታብራ። ከ3,000 ሜትር በላይ ጉም ውስጥ ረጅም ብርሃን ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይመለስብሃል። እዚያ የሚረዳህ ዝቅ ብሎ የተገጠመ፣ ሰፊ የጉም መብራትና የቀነሰ ፍጥነት ነው።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች፣ ዛሬውኑ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳውን እያንዳንዱን ተጨማሪ ሽቦ በጣታችሁ ተከተሉ። አንድ ስንዝር ውስጥ ፊውዝ ያላገኛችሁበትን ነቅላችሁ፣ ፊውዝ እስኪገባለት አታገናኙት። ውጭ ያለን ደግሞ መብራት ስንልክ ፊውዙንና ሪሌውን አብረን እንላክ።