ምድር ቤት የወረደው እሳት

በሐዋርያው በቅዱስ ጳውሎስ ስም በተጠራችው በሚኒሶታዋ በሴንት ፖል ከተማ አሮጌ ቤት የያዘ ሰው ሁሉ፣ በአገራችን ዘመነ ጽጌ በሚባለው፣ ካህናቱና መዘምራኑ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው እመቤታችንን በአበባ እየመሰሉ በሚያመሰግኑበት ወራት፣ እርሱ አበባውም ቅጠሉም ሲረግፍ እያየ ወደ ምድር ቤቱ መውረድ ግዴታው ነው። በዚያ የሚጠብቀው ቦይለር የሚሉት የብረት እቶን ነው፤ ከእርሱ የሚወጡት ወፋፍራም ቧንቧዎች በወለሉ ሥር እየተሹለከለኩ በየመስኮቱ ግርጌ ለቆሙት፣ ራዲያተር ለሚባሉት ብረቶች ፍል ውሃ ያቀብላሉ፤ ውሃውም ሙቀቱን ለቤቱ ካካፈለ በኋላ ቀዝቅዞ ወደ እቶኑ ይመለሳል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው፣ ቧንቧቸው ሲዘረጋ የውሃ መግፊያ ሞተር የሚባል ነገር አልታሰበም፤ የሞቀው ውሃ ቀሎ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ወደ ታች ሲወርድ፣ በዚሁ በተፈጥሮ ሕግ ብቻ ቤቱ ይሞቅ ነበር።

የዝግጅቱ ሥርዓት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የግፊት መለኪያው ይታያል፤ ለባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ 12 ፒኤስአይ ገደማ ሊያሳይ ይገባዋል። ቀጥሎ፣ ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራልና፣ ትርፉን የሚቀበለው ጋን በውኑ ባዶ ቦታ እንዳለው ይመረመራል። ከዚያ ባለቤቱ ትንሽ መክፈቻ ይዞ ከራዲያተር ወደ ራዲያተር ይዞራል፤ በጫፉ ያለችውን ቡሎን ጥቂት ፈታ ሲያደርጋት፣ በውስጡ የተጠራቀመው አየር እያፏጨ ይወጣል፤ ፉጨቱ አልቆ ውሃ መንጠብጠብ ሲጀምር መልሶ ያጠብቃታል። አየሩ ያልወጣለት ራዲያተር እግሩ ሞቆ ራሱ እንደ ቀዘቀዘ ክረምቱን ይከርማል። የነበልባሉና የጢስ መውጫው ነገር ግን ለባለሙያ የሚተው ነው፤ እርሱም መብራቱን አብርቶ፣ ተንበርክኮ፣ እሳቱ ሰማያዊ መሆኑን አይቶ፣ ከተንበረከከበት ጊዜ ጋር የማይመጣጠን ሒሳብ ጽፎ ይሄዳል።

ከዓመታት በፊት ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ የመጡት አክስቴ ይህን ሁሉ ዙር በትዕግሥት ሲመለከቱ ቆዩ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መካከል ያደጉ ሰው ናቸውና ስለ ብርድ የሚነግራቸው አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ ቤቱስ ሞቋል፤ እሳቱ ወዴት አለ?» አሉኝ።

«ከምድር ቤት ነው፣ እትዬ።»

«ማን ይጠብቀዋል?»

«ጠባቂ የለውም፤ ራሱ ይነዳል፣ ራሱ ይጠፋል።»

ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «እሳት ያለ ጠባቂ እያደረ፣ እናንተን እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» አሉ።

ጥያቄውን በሳቅ ላልፈው ሞከርሁ፤ ነገር ግን አላልፍ አለኝ። እሳትን ከሰው ዓይን ያራቀው ማን ነው? ጠባቂውንስ ማን አሰናበተው? ጥንተ ነገሩን ብከታተለው፣ የቤት ማሞቂያ ታሪክ ሙቀትን የማግኘት ታሪክ ከመሆኑ ይልቅ፣ እሳቱንና የሚያነድደውን ሰው ከፊት የማስወገድ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

ድሮ የሚሞቅ ሰው እሳቱን ፊት ለፊት ያየው ነበር። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአቄም በዘጠነኛው ወር በክረምት ቤቱ ተቀምጦ፣ ምድጃው ከፊቱ እየነደደ፣ ባሮክ ከነቢዩ ከኤርምያስ አፍ የጻፈው ክርታስ ሲነበብለት፣ ጥቂት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ መጣሉን መጽሐፍ ይነግረናል፤ ሊቀ ሐዋርያት ጴጥሮስም ጌታውን የካደው በብርዱ ሌሊት ከሎሌዎቹ ጋር ቆሞ የፍም እሳት እየሞቀ ሳለ ነበር። እሳት ዳር የተሠራው እንዲህ በምስክር ፊት ተሠርቶ የሚቀረው፣ እሳቱ ሲያሞቅም ስለሚያበራ ይመስለኛል፤ ዛሬ በሴንት ፖል ክርታስ ሊያቃጥል የሚነሣ ንጉሥ ግን በቅድሚያ መብራት አብርቶ ደረጃውን መውረድ ይኖርበታል።

እሳትን ከክፍሉ በማስወጣት ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የካምፓኒያው ነጋዴ ሰርጊዩስ ኦራታ ነው። ይህ ሰው ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት በማርባት የከበረ ሲሆን፣ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒዩስ እንደሚለው፣ ከሥራቸው የሚሞቁ መታጠቢያዎችን አስቦ፣ የባለጸጎችን የገጠር ቤቶች እየገዛ፣ በዚህ እያሳመረ፣ በትርፍ ይሸጣቸው ነበር። የኋላ ሊቃውንት አሠራሩ በግሪኮች ዘንድ ቀድሞ ይታወቅ ነበር ብለው ክብሩን ቢቀንሱበትም፣ የቤት ማሞቂያ ገና ከመነሻው ከቤት ንግድ ጋር መወለዱ ለዛሬው የአሜሪካ ቤት ሻጭና ገዥ የዘር ሐረግ ይሆነዋል። የሕንፃ ጥበብ ጸሐፊው ቪትሩቪዩስም ወለሉ ሁለት ጫማ ያህል ከፍታ ባላቸው የጡብ ዓምዶች ላይ እንዲቆም፣ ሙቀቱም በመካከላቸው እንዲሄድ ያዝዛል። እንጨቱን ከውጭ ሆነው ወደ እቶኑ አፍ የሚማግዱት ባሮች ነበሩ፤ ስለዚህ ጌታው ጢሱንም፣ ጢሱ ዓይናቸውን የሚያቃጥለውን ሰዎችም ሳያይ ይሞቅ ነበር።

ሮም ስትወድቅ በምዕራቡ አውሮፓ እሳቱ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ብዙ መቶ ዓመትም በዚያው ተቀመጠ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ የብረት ምድጃ ሠርቶ፣ የፔንሲልቫኒያው ገዥ የብቻ መብት ሊሰጠው ቢያስብ እምቢ ማለቱ ለልቡ ምስጋና ነው፤ ጢሱን ወደ ታች አዙሮ ለማስወጣት ያሰበው መንገድ ግን በደንብ አልስብ ብሎ ሌሎች አርመውለታል። ራዲያተሩን በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው ፍራንዝ ሳን ጋሊ እ.ኤ.አ. በ1855 እና በ1857 መካከል ፈለሰፈው፤ ከዚህ በኋላ እሳቱ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ጠባቂው ግን ገና አብሮት ነበር።

ይህን ጠባቂ ያሰናበተው የአንድ መምህር መሰላቸት ነው። ዋረን ጆንሰን በዊስኮንሲን፣ ዋይትዋተር በምትባል ከተማ በመምህራን ማሠልጠኛ ሲያስተምር፣ የትምህርት ቤቱ እሳት ጠባቂ ክፍሉ መሞቅ መብረዱን ለማወቅ በየሰዓቱ በሩን ከፍቶ ይገባ፣ ከዚያም ወርዶ የአየር መዝጊያውን ያስተካክል ነበር። መምህሩ ትምህርቱ መቋረጡ ስላስመረረው፣ ክፍሉ ሲበርድ ወይም ሲሞቅ በእቶኑ ክፍል ደወል የሚያሰማ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1883 የፈጠራ መብት አገኘበት። እኔ የዚያን እሳት ጠባቂ ነገር ሳስብ አዝናለሁ፤ በክረምቱ ጧት ወደ ተማሪዎቹ መካከል ገብቶ ጥቂት ቃል ከሰሌዳው ላይ ሰርቆ ይወርድ የነበረ ሰው፣ ከእንግዲህ በደወል የሚታዘዝ ሆነ። ለጆንሰን ግን ማስተማሩ ራሱ አልሰነበተለትም፤ ደወሉ ሀብት ስላመጣለት በሚልዋኪ ኩባንያ አቋቁሞ የመምህርነቱን ወንበር ለቀቀ።

ሁለተኛው እርምጃ የተወሰደው እዚሁ ጎረቤታችን በሚኒያፖሊስ ነው። የስዊዘርላንድ ተወላጅ የሆነው አልበርት ቡትዝ የፈለሰፈው መሣሪያ ጠባቂውን በደወል መጥራቱን ትቶ፣ ክፍሉ ሲበርድ በኤሌክትሪክ የሞተሩን መያዣ ያነሣል፤ ሞተሩ ግማሽ ዙር ዞሮ በሰንሰለት የእቶኑን የአየር መዝጊያ ይከፍታል፤ አየር ያገኘው እሳትም ይነድዳል፤ ክፍሉ ሲሞቅ መዝጊያው ይመለሳል። ለዚህ ሥራ ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1886 ነበር። በዚያው ዓመት የሴንት ፖል ሰዎች፣ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ከተማችሁ ከሳይቤሪያ አትለይም ቢላቸው ተቆጥተው፣ ብርዱ እንደማያስፈራቸው ለማሳየት ከበረዶ ግንብ ገንብተው የክረምት በዓል አከበሩ። አንዱ ከተማ በበረዶ ቤት ሲፎክር ወንዙን ተሻግሮ ያለው ለብርዱ መድኃኒት መሸጥ ጀመረ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደ ከበረ መንገር አያስፈልግም። የቡትዝ ኩባንያ ባለቤትና ስም እየለወጠ እ.ኤ.አ. በ1927 ከኢንዲያናው ከሃኒዌል ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ እርሱ ራሱ ግን ገና በመጀመሪያው ትቶት ሄዶ ነበር።

እንግዲህ እሳት በቤታችን እንደ አምባ ግሸን የነገሥታት ልጆች ሆነ፤ ይመገባል፣ ይጠበቃል፣ ይፈራል፣ ዘሩም ቤቱን ያቆማል፣ ነገር ግን ፊቱን የሚያይ የለም። ቀለቡ እንኳ በሰው እጅ መቅረብ ተወ፤ የሞሪስታውን ከተማ ነዋሪ የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት አሊስ ፓርከር በተፈጥሮ ጋዝ ለሚሠራ የቤት ማሞቂያ እ.ኤ.አ. በ1919 የፈጠራ መብት ካገኘች በኋላ በነበሩት ዐሥርታት፣ የድንጋይ ከሰሉ አካፋ ቀስ በቀስ ከምድር ቤቱ ጠፋ። በአሮጌዎቹ ቤቶች ግድግዳ ላይ የከሰል ማስገቢያው ትንሽ የብረት በር ዛሬም ተዘግቶ ይታያል።

የእሳቱ ሥልጣን ግን ወደ ግድግዳው መቆጣጠሪያ ተዛወረ። ሄንሪ ድሬይፈስ ቅርጹን የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ክቡ ቴርሞስታት በብዙ ቤት ገብቶ የባልና የሚስት ክርክር መድረክ ሆኗል። የመንግሥቱ የኃይል መሥሪያ ቤት በክረምት ሰው ቤት ሲኖር 68 ዲግሪ ፋረንሃይት ይበቃል ይላል፤ ባለቤቴ ግን ያ ቁጥር የተጻፈው ሚኒሶታን በካርታ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ነው ባይ ናት። ታወር በምትባል የሰሜን ሚኒሶታ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1996 ብርዱ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ሳስታውስ፣ ክርክሩን አልቀጥልም። ታኅሣሥ 19 ቀን ሠለስቱ ደቂቅ ሰባት እጥፍ ከነደደው እቶነ እሳት በመልአኩ ረድኤት መዳናቸው ሲሰበክ፣ በዚህ አገር ምእመናን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ያደምጡታል።

ወደ አክስቴ ጥያቄ ስመለስ፣ ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። የሣር ክዳን ቤት በየቀዳዳው ይተነፍሳል፤ የዚህ አገር ቤት ግን ሙቀት እንዳያመልጠው ተጠቅጥቆ የተዘጋ ነው፤ እቶኑ አየር ሲያጥረው ወይም ጢስ መውጫው ሲደፈን የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። እርሳቸው በአገራቸው ከሰል ለኩሰው ቡና ሲያፈሉ በርና መስኮት ከፍተው ነበርና፣ ከሰል እንደሚያፍን ያወቁት ከሳይንሱ መጽሐፍ አይደለም። ያሰናበትነውን ጠባቂ ግማሽ ሥራ ዛሬ የሚሠራው ኮርኒስ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዲኖር ያስገድዳል። ባትሪው ግን ራሱን አይለውጥም።

ስለዚህ በዚህ ክፍለ ሀገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ባለሙያውን በመስከረም ጥሩት፤ ኅዳር ከገባ ስልክ አያነሣም፣ ቢያነሣም ዋጋው ሌላ ነው። ሒሳብ የከበዳችሁም ከአፍረት የተነሣ ዝም አትበሉ፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ፣ ከኩባንያው ጋር የአከፋፈል ስምምነት አድርጎ በስምምነቱ የጸና ቤተሰብ ማሞቂያው እንዳይቋረጥበት ሕጉ ይጠብቀዋል፤ ስምምነቱን ለማድረግ ግን ደውሎ መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው።