ሰማይ ላይ ገና ቀን ነው፣ መሬት ላይ ግን መሽቷል!

የትዳር ጓደኛችሁ “ሞተር በሌለው አውሮፕላን ከተራራ በላይ ካልወጣሁ” ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? “አርፈህ ተቀመጥ!” ነው አይደል? እኔ ግን አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ላጫውታችሁ።

ባለቤቴ ጀርመን አገር የግላይደር ክለብ አባል ነው። ክለቡ በጥቅምት ወር የአውሮፕላኖቹን ክንፍ ነቅሎ፣ በተጎታች ጭኖ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ ሴንት ኦባን ሲጓዝ አብሬ ሄድኩ። እዚያ ሚስትራል የሚሉት ኃይለኛ የሰሜን ምዕራብ ንፋስ አለ። ንፋሱ ተራራውን ተሻግሮ፣ ድንጋይ ዘሎ እንደሚያልፍ የወንዝ ውሃ፣ ከጀርባው ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል። ሽቅብ የሚያነሳውን በኩል ያገኘ ግላይደር ያለ ሞተር ይወጣል። ምልክቱ የምስር ፍሬ የመሰለ፣ ንፋሱ እየነፈሰ ንቅንቅ የማይል ደመና ነው። ይህን የአየር ማዕበል እ.ኤ.አ. በ1933 የደረሱበት ጀርመናዊው ቮልፍ ሂርትና ጓደኛው ናቸው። በ2018 ደግሞ ፐርላን 2 የተባለው ግላይደር አርጀንቲና ውስጥ ከ22,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ጉድ እኮ ነው!

እኔ የፈራሁት መውደቁን ነበር። የክለቡ አንጋፋ አብራሪ ግን “የሚያስፈራውስ ደስታው ነው” አሉኝ። 5,500 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ከፍታ እጥፍ በላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ግማሽ ያህል ነው። ኦክስጅን ያጠረው ሰው ሁልጊዜ አያቃስትም፤ አንዳንዱ ይፈነድቃል፣ “ደህና ነኝ” ይላል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል። ሌላው ተንኮለኛ ብርሃኑ ነው። ሸለቆው ጨልሞ ሳለ ላይ ያለው ሰው ፀሐይ ይታየዋል።

ማታ ባለቤቴን “አትሂድ” አላልኩትም። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅሁት፦ የኦክስጅኑን ጭምብል ገና ደህና ሳለ እንዲያጠልቅ፣ የመመለሻውን ሰዓት መሬት ላይ ሆነን እንድንቆርጥ፣ “ውረድ” ሲባል እንዳይከራከር። አኮረፈ። “ልጅ ነኝ እንዴ?” አለኝ። ጠዋት ግን ሰዓቱን የቆረጠው ራሱ ነው።

የዚያን ዕለት 5,000 ሜትር ላይ እያለ ሰዓቱ ደረሰ። በሬዲዮ “እዚህ ገና ብርሃን ነው! ትንሽ ልቆይ?” ሲል ሰማሁት። ድምፁ የሠርጋችንን ቀን አስታወሰኝ። አንጋፋው ምንም ሳይሉ ሬዲዮውን ወደ እኔ አስጠጉት።

“እዚህ እየመሸ ነው” አልኩት።

ለጥቂት ጊዜ ጭጭ አለ። ከዚያ “እሺ፣ ልወርድ ነው” አለ። ሲያርፍ የሜዳው ዳር መደብዘዝ ጀምሮ ነበር።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ! የምትወዱት ሰው የሚወደው አደገኛ ነገር ካለ፣ ክልከላ ብቻውን መደበቅን ነው የሚያስተምረው። ይልቅ ልቡ ሳይሞቅ ቁጭ ብላችሁ ወሰኑን ተስማሙ። ደስታው አናት ላይ ከወጣ በኋላ ማን ይሰማል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና!

ቸር ይግጠመን።