ስለ ዓይን ሞራ መገፈፍ

በሀብሩ ወረዳ፥ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር፥ በወጣትነታቸው ወደ ዋድላ ወጥተው ቅኔ የተማሩ አንድ ዐረጋዊ መምህር አሉ። ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ቀስ በቀስ ነው። አስቀድሞ የፋኖሱ ብርሃን ተበታትኖ ታያቸው፤ ቀጥሎ በቀትር ፀሓይ መንገዱ ጠፋቸው፤ በኋላም ደቀ መዝሙር እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው ሆኑ። ቅኔ ማስተማርን ግን አላቋረጡም፤ የቅኔ ወንበር በጆሮና በልብ የሚጸና ነውና። ያቋረጡት ቅዳሴውን ነው። ጽዋውን ይዘው ሳለ የዓይናቸውን ጨለማ ፈርተው፥ ከአንድ የፍልሰታ ጾም በኋላ ወደ መቅደስ መግባትን ተዉ። ምክንያቱን ለማንም አልነገሩም፤ ሰው ግን ዐወቀ።

ደቀ መዝሙሩ «የኔታ፥ ወልድያ ልውሰድዎ፤ ሐኪሞች ሞራውን ያወጡታል» ባላቸው ጊዜ፥ «ይስሐቅም ዓይኑ ፈዝዞ ነበር፤ ዔሊም ፈዝዞ ነበር። እኔ ከእነርሱ እበልጣለሁን?» ብለው መለሱለት። ልጁም መጽሐፍ ያየ ነበርና «ጦቢትስ?» አላቸው። የጦቢትን ዓይን ነጭ ነገር ጋርዶት ሳለ፥ ልጁ ጦብያ በቅዱስ ሩፋኤል ምክር የዓሣ ሐሞት ቀብቶት ነጩ እንደ ተገፈፈ ተጽፎአልና።

የኔታ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ስለ ተረቱ አይደለም፤ ሌላ ነገር ከብዶአቸው ነው። ይኸውም እግዚአብሔር በፈጠረው ዓይን ውስጥ የሰው እጅ የሠራው ባዕድ ነገር ይገባል መባሉ ነበር። ሐሞቱ ተቀብቶ የሚታጠብ መድኃኒት ነው፤ ሌንሱ ግን ገብቶ ይቀራል። ይህም ያላዋቂ ጥያቄ አይደለም፤ ታላላቅ ሐኪሞችም ብዙ ዘመን ተከራክረውበታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላናቸው መስኮት በጥይት የተሰበረባቸው የእንግሊዝ አብራሪዎች ነበሩ። ሐሮልድ ሪድሊ የተባለ የሎንዶን ሐኪም በዓይናቸው ውስጥ የቀረውን ስባሪ ሲመረምር፥ ስባሪው ፐርስፔክስ የሚባል ፕላስቲክ እንደ ሆነ፥ ዓይኑም ሳይቈጣ ችሎት እንደሚኖር ተመለከተ። ስለዚህ ከዚያው ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ፥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በአንዲት ሴት ዓይን ላይ ሥራውን ኅዳር 20 ቀን 1942 ዓ.ም. ጀመረ፤ ቀኑም የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነው። ከዚያ በፊት ሞራው የወጣለት ሰው እጅግ የወፈረ መነጽር ካላደረገ አጥርቶ አያይም ነበር፤ መነጽሩም ከተሰበረበት ወደ ጭጋጉ ይመለስ ነበር። ሆኖም ባልንጀሮቹ ባዕድ ነገርን በዓይን ውስጥ መትከል ድፍረት ነው እያሉ ተቃወሙት። እርሱ ራሱ በሸመገለ ጊዜ ግን በዚያው ሆስፒታል ሌንስ ተተከለለት። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታትም በሕንድ ማዱራይ፥ በኔፓል ካትማንዱና በአስመራ የሌንስ መሥሪያ ቤቶች ተቋቁመው ዋጋው ለድኃ እንዲደርስ ሆነ።

በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፥ ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህም ግማሽ የሚያህሉትን ያሳወራቸው ሞራ ነው። ቍጥሩ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ይህኛው ጨለማ ሊገፈፍ የሚችል ነው።

የኔታን ያስነሣቸው ክርክሩም ቍጥሩም አይደለም። በደብሩ ከቀሩት ሁለት ቀሳውስት አንደኛው ታመሙ፤ ቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ አይቀደስምና አንድ ሰንበት ያለ ቅዳሴ አለፈ። በማግሥቱ የኔታ በትራቸውን አስመጡ።

በወልድያ ሐኪሙ አስቀድሞ ዓይናቸውን ለካ፤ የሌንሱ ኀይል የሚመረጠው እንደ ዓይኑ ልክ ነውና። ዓይኑን በመርፌ አደንዝዞ በብሌኑ አጠገብ ትንሽ በር ከፈተ፤ የደፈረሰውን ፍሬ አወጣ፤ ፍሬው የነበረበትን ስስ ከረጢት ግን ጠብቆ፥ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች ያሉትን፥ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር የሚያህለውን ሌንስ በዚያ አኖረው። የፈጀውም ጊዜ የአንድ ቀን ውዳሴ ማርያም ከመድገም ብዙ አልበለጠም። ቅኔ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰሙ ወጥቶ በቅርጹ ወርቁ ይገባበታልና።

በማግሥቱ ፋሻው በተፈታ ጊዜ የኔታ ደቀ መዝሙሩን አተኵረው ተመልክተው «ጢም አውጥተሃል» አሉት። ወዲያውም ዳዊታቸውን ገለጡ፤ ፊደሉ ግን ብዥ አለባቸውና ተቈጡ። ሐኪሙም፥ ከተፈጥሮ የተገኘው ሌንስ በወጣትነት እየወፈረና እየቀጠነ ሩቁንም ቅርቡንም እንደሚያሳይ፥ ይህ የተሠራው ግን በአንድ ልክ ስለሚጸና ለንባብ መነጽር እንደሚያስፈልግ አስረዳቸው። የኔታ ጥቂት ዐስበው «እንግዲያስ የፈጣሪን ሥራ አልተካከለውም» አሉ፤ ከዚያም በኋላ ስለ ባዕድ ነገር አልተናገሩም።

ዓይናቸው በሻረ ጊዜ ቀደሱ። ሰኞ ጧት መነጽራቸውን አድርገው፥ በሦስቱ ዓመት የጨለማ ዘመን ደቀ መዛሙርቱ የገለበጡትን ብራና ሁሉ አስመጥተው ይመረምሩ ጀመር። ገና ከመጀመሪያው ቅጠል ሳያልፉ ቀይ ቀለም አምጡ ባሉ ጊዜ፥ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።